ጥቆማ፦ ኔትወርክ ለሌለው ተራራ የትኛው የሳተላይት መሣሪያ ይሻላል?

ጥያቄ፦ ወገኖች፣ ከመኪና መንገድ የሁለት ቀን የእግር ጉዞ ርቆ ያለ ጫፍ ላይ ለምንወጣ አራት ሰዎች የአደጋ መጥሪያ ጠቁሙን። ኢንሪች ወይስ ስፖት (ሁለቱም በሳተላይት መልእክት የሚልኩ የእጅ መሣሪያዎች)፣ ወይስ ፒኤልቢ (የአደጋ ምልክት ብቻ የሚልክ የእጅ መሣሪያ)? አይፎን ብቻውን አይበቃም?

መልስ፦ አይፎን አይበቃም። ከ14 ጀምሮ ያሉት ኤስኦኤስ (የአደጋ ጥሪ) በሳተላይት ይልካሉ፣ ግን የሚሠራው በተወሰኑ አገሮች ብቻ ነው። ብርድ ላይ ደግሞ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል። ለመጠባበቂያ ያዙት።

እኔ ኢንሪች እላለሁ። የሚጠቀመው ኢሪዲየም የተባለውን የሳተላይት መረብ ነው፤ 66 ሳተላይቶቹ ከዋልታ እስከ ዋልታ ይሸፍናሉ። ስፖት የሚጠቀምበት ግሎባልስታር የተባለው መረብ ግን የሚሠራው ሳተላይቱ እናንተንም የምድር ጣቢያውንም በአንዴ ሲያይ ነው፤ አቅራቢያ ጣቢያ ከሌለ ክፍተት አለ። ስፖት ካማራችሁ መጀመሪያ የሽፋን ካርታውን እዩ። ኢንሪች መልስም ይቀበላል፦ «እግር ተሰብሯል፣ መራመድ አይችልም» ብላችሁ ጽፋችሁ ምን እንደምታደርጉ ይነገራችኋል። ችግሩ ክፍያው ነው። የአገልግሎት ክፍያው ከተቋረጠ ኤስኦኤሱም አብሮ ይዘጋል፤ ከመውጣታችሁ በፊት ከሜዳ ላይ ለቤተሰብ የሙከራ መልእክት ላኩና መድረሱን አረጋግጡ።

ሌላ መልስ፦ በዓመት አንዴ ለሚወጣ ሰው ፒኤልቢ ይሻላል ባይ ነኝ። ወርሃዊ ክፍያ የለውም። በ406 ሜጋኸርዝ ለኮስፓስ-ሳርሳት (ዓለም አቀፉ የሳተላይት ፍለጋና ማዳን ሥርዓት) ይልካል፣ አንዴ ከተከፈተ ቢያንስ 24 ሰዓት ይሠራል፤ በ121.5 ሜጋኸርዝ ደግሞ ቀርበው የሚፈልጓችሁን ይመራል። መልስ ግን አይቀበልም። ስታስመዘግቡት የቅርብ ሰው ስልክ አስገቡ፣ ካልተመዘገበ የማን ጥሪ እንደሆነ ለማጣራት ጊዜ ይባክናል። ያገለገለ ከገዛችሁ ጎኑ ላይ የተጻፈውን የባትሪ ማብቂያ ቀን እዩ፤ የቀድሞው ባለቤት ምዝገባውን ማዛወሩንም ጠይቁ። መሞከር የሚቻለው በመሞከሪያ ቁልፉ ብቻ ነው፤ አንቴናውን ዘርግታችሁ ብታበሩት እውነተኛ ጥሪ ነው የሚወጣው።

የትኛውንም ብትይዙ የሚያበላሸው አንድ ነው፤ ሰማይ አለማየት። ገደል ሥር ወይም ጠባብ ሸለቆ ውስጥ መልእክቱ ይንጠለጠላል። መሣሪያውን ከጃኬት ሥር በሙቀት ያዙ፣ ስትልኩ ግን አውጡትና አንቴናውን ወደ ሰማይ አድርጋችሁ ገላጣ ቦታ አስቀምጡ። በእጅ አፍኖ መያዝ ይከልለዋል።

ተጨማሪ፦ ኤስኦኤስ ተጫነ ማለት ሄሊኮፕተር መጣ ማለት አይደለም፤ የሚመጣው ያ አገር ያለው አዳኝ ነው፣ ያውም አየሩ ከፈቀደ። ኢንሹራንሳችሁ ስንት ሜትር ከፍታ ድረስ እንደሚሸፍን አንብቡ። ሕንድ የሚሄድ ካለ፣ የሳተላይት መገናኛ ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ያሳስራል።