ፎቶና ሙሉ ስም ላክ ያለኝን ግሩፕ ልመነው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 18 ዓመቴ ነው። ወንድ ነኝ፤ የሚማርከኝም ወንድ ነው። ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። እንደኔ ካሉ ልጆች ጋር ማውራት በጣም አማረኝ። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አገኘሁ። አስተዳዳሪው ግን ከመግባትህ በፊት የፊትህን ፎቶ፣ ሙሉ ስምህንና የምትኖርበትን ሰፈር ላክ አለኝ። ልላክለት? ካልሆነስ የት ልሂድ?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳትልክ። እኔ በአንተ ዕድሜ ልኬ ነበር። በሳምንቱ "ገንዘብ ካላመጣህ ለቤተሰቦችህ እናሳያለን" ተባልኩ። ደህና ግሩፕ ማንነትህን ለማወቅ አይጣደፍም። በቅጽል ስም ግባ። ለዚሁ ብቻ የምትጠቀምበት ኢሜይል ክፈት። ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርህ ለማንም እንዳይታይ አድርግ፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከዚያ ሳትጽፍ ዝም ብለህ አንብብ። አዲስ ልጅ ሲገባ እንዴት ያናግሩታል? አንዱ በውስጥ መስመር ሰው ሲያስቸግር አስተዳዳሪው ያስወጣዋል ወይስ ዝም ይላል? እኔ የምለየው በዚህ ነው።

መልስ 2፦
ትሬቨርስፔስን ሞክረው። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 24 ለሆነ እንዳንተ ላሉ ወጣቶች የተከፈተ፣ ተቆጣጣሪ ያለው የኢንተርኔት መድረክ ነው። የከፈተው ትሬቨር ፕሮጀክት የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተ እንዲህ ያሉ ወጣቶችን የሚረዳ ድርጅት ነው። ስልክህን ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የሚነካው ከሆነ ያየሃቸውን ገጾች ታሪክ አጥፋ። ደግሞ ለቅርብ ጓደኛህ ብትነግረው ይቀልሃል።

መልስ 3፦
ልጄ፣ እንዳንተ ያለ ልጅ አለኝ። ለጓደኛህ ለመንገር አትቸኩል። መጀመሪያ ስለ ሌሎች ሲወራ ምን እንደሚል አዳምጠው። የምትኖረው በቤተሰብ እጅ ከሆነ፣ ወሬው ቢደርሳቸው የት እንደምታድር አስቀድመህ አስብ። ግን ለሁልጊዜው ብቻህን አትሸከመው። ትሬቨር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፣ እንዳንተ ካሉ ወጣቶች መካከል የሚቀበላቸው ቢያንስ አንድ ትልቅ ሰው ያላቸው ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከራቸው ዕድል በ40 በመቶ ያነሰ ነበር። አንድ ሰው ብቻ! "እናድንሃለን" የሚልህን ግን ራቀው። የዓለም ጤና ድርጅት በተመሳሳይ ጾታ መማረክን ከበሽታ ዝርዝሩ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። እኔም ልጄ ሲነግረኝ መድኃኒት ፍለጋ ሮጬ ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል።

ጠያቂው፦
አልላክሁም፤ ሰውየውን ብሎክ አደረግሁት። ትሬቨርስፔስ በቅጽል ስም ገብቼ ማንበብ ጀምሬያለሁ። እትዬ፣ እርስዎ የጻፉትን ሦስቴ አነበብኩት። አንዲት አክስት አለችኝ። ለጊዜው አዳምጣታለሁ።