ጥቆማ፦ ለቮልቴጅ ማወዳደሪያ የትኛው ኦፕ-አምፕ (ቮልቴጅ የሚያጎላ ቺፕ) ይሻላል?

ጥያቄ፦ ሲጨልም መብራት የሚያበራ የ5 ቮልት ሰርኪዩት ነው። ብርሃኑን የሚለካው ኤልዲአር (በብርሃን የሚለዋወጥ ሬዚስተር)፣ የሚያወዳድረው ኤልኤም358 ኦፕ-አምፕ ነው። ሲመሽ ሪሌው (መብራቱን የሚያበራውና የሚያጠፋው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ታክ ታክ ይላል፤ አውትፑቱም ከ3.5 ቮልት አያልፍም። በ741 ወይም በቲኤል072 ልቀይረው?

መልስ፦ ሁለቱንም ተዋቸው። 741 በ5 ቮልት አውትፑቱ ወደ ዜሮ ስለማይጠጋ ሪሌውን የሚያነዳውን ትራንዚስተር በቅጡ አያጠፋልህም። ቲኤል072 ደግሞ ኢንፑቱ ወደ ግራውንድ ሲጠጋ አውትፑቱ ሊገለበጥ ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ከዚህ የከፋ ጠባይ የለም። ኤንኢ5532ም አይሆንም፤ በሁለቱ ኢንፑቶች መካከል ዳዮዶች አሉት፣ ልዩነቱ 0.6 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ከአንዱ ወደ ሌላው ከረንት ያልፋል።

ኤልኤም393 ውሰድ። ሲሠራም ለማወዳደር ነው፤ የፒን አቀማመጡ ከ358 ጋር አንድ ስለሆነ እዚያው ሶኬት ላይ ይገባል። አውትፑቱ ግን ወደ ግራውንድ ይስባል እንጂ ወደ ላይ አይገፋም። ከአውትፑቱ ከፒን 1 ወደ 5 ቮልት 4.7 ኪሎኦም ሬዚስተር ካላሰርክለት ሁልጊዜ ዜሮ ታነባለህ፤ ብዙ ደህና ቺፕ ተቃጥሏል ተብሎ የሚጣለው በዚህ ነው። ሪሌውን በቀጥታ አታስነዳው። በመካከላቸው አይአርኤልዜድ44ኤን ሞስፌት (እንደ ማብሪያ የሚያገለግል ትራንዚስተር) አስገባ፤ ጌቱ፣ ማለትም መቆጣጠሪያ እግሩ፣ ከረንት ስለማይወስድ አውትፑቱ እስከ 5 ቮልት ይወጣል። በሪሌው ኮይል ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ በግልባጭ እሰር።

ሌላ መልስ፦ 393 ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ታክ ታኩን ግን ብቻውን አያቆመውም። ሲመሽ የኤልዲአሩ ቮልቴጅ በጣም በዝግታ ስለሚወርድ፣ ጥቂት ሚሊቮልት ኖይዝ (የቮልቴጅ መንቀጥቀጥ) ብቻ መነሻውን፣ ማለትም የሚወዳደርበትን ቮልቴጅ፣ ደጋግሞ ያሻግረዋል። መድኃኒቱ ሂስተሬሲስ ነው፤ ማለትም የማብሪያውንና የማጥፊያውን ነጥብ ማለያየት።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ኤልዲአሩን ከ5 ቮልት ወደ ፒን 2፣ 10 ኪሎኦም ከፒን 2 ወደ ግራውንድ። ፒን 3 ላይ በሁለት 10 ኪሎኦም የተከፈለ 2.5 ቮልት። ከፒን 1 ወደ ፒን 3 ደግሞ 470 ኪሎኦም፤ ይህ በማብሪያና በማጥፊያው ነጥብ መካከል 50 ሚሊቮልት ያህል ክፍተት ይሰጥሃል። ካልበቃ በ100 ኪሎኦም ተካው፣ ክፍተቱ ወደ 240 ሚሊቮልት ይሰፋል። ከዚያም በኋላ ካላቆመ ሬዚስተር መቀየሩን ተውና መብራቱ ኤልዲአሩ ላይ ያርፍ እንደሆነ እይ። ሲበራ ራሱን ያጠፋል፣ ሲጠፋ መልሶ ይበራል። ኤልዲአሩን ከልለው።

ተጨማሪ፦ በ5 ቮልት ሁለቱም ኢንፑቶች ከ3 ቮልት በላይ ከወጡ የ393 አውትፑት አይታመንም። አንዱ 2.5 ላይ ስለተቀመጠ እዚህ ችግር የለም፤ መነሻውን ወደ 4 ቮልት ከፍ ካደረግክ ግን ይመጣል። ከፒን 8 ወደ ፒን 4፣ ቺፑ ሥር፣ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር አድርግ። 393 ውስጥ ሁለት ማወዳደሪያዎች ስላሉ፣ ሥራ የሌለውን የሁለተኛውን ኢንፑቶች፣ ፒን 5 እና 6ን፣ ከግራውንድ ጋር አገናኝ። ሌላው የማወዳደሪያ ቺፕ ኤልኤም311 ወደ 200 ናኖሰከንድ የሚጠጋ ፍጥነት አለው፤ ለፈጣን ሲግናል እንጂ ለኤልዲአር አያስፈልግም፣ ፒኖቹም ይለያሉ።