እናቴ የግፊት ኪኒኗን እየዘለለች ነው፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ልጅ
ሰላም ቤተሰብ። እናቴ ዋሽንግተን እህቴ ጋ ሁለት ዓመት ቆይታ ከገና በኋላ ተመልሳለች። እዚያ ግፊት አለብሽ ተብላ ሊሲኖፕሪል ታዞላታል፣ በቀን አንዴ። ትናንት ብልቃጡን ስቆጥር ግማሹ አልተነካም። "ስምንት ሰዓት ላይ ውሰጂ ብለውኛል፤ ሁዳዴ ነው፣ እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ" አለችኝ። ራሷን ካላመማት ደግሞ "ለቆኛል" ባይ ናት። ደረቅ ሳልም ይዟታል፣ ብርዱ ነው ትላለች። ስቆጣ "አንተ ሐኪም ሆንክ?" ትለኛለች።

ስደተኛዋ
ወንድሜ፣ ስምንት ሰዓት ያሉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት! ማን አስተረጎመላቸው? እዚህ አሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ የልጅ ልጅ ነው። ከመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ግን አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እህትህ ለሌላ ጊዜ ትጠይቅ።

የደብረ ብርሃን ልጅ
የእህቴ ልጅ ነው ያስተረጎመው። 11 ዓመቱ ነው።

ሲስተር ከሸዋ ሮቢት
ይሄን "ለቆኛል" በየቀኑ ነው የምሰማው። ግፊት ሳያምም ይጎዳል፤ መኖሩ የሚታወቀው ተለክቶ ነው። ሳሉ አሜሪካ እያለች ከጀመራት ብርዱን አትውቀሱት። ሊሲኖፕሪልና ኢናላፕሪል አንዳንድ ሰው ላይ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። በራሷ አታቁም፣ ሐኪሙ ይቀይርላታል። ከንፈር ወይም ምላስ ካበጠ ግን ኪኒኑን ሳትደግም ቶሎ ሐኪም ቤት። ሰዓቱም ወደ ማታ ሊዞር ይችላል፣ ጠይቁ። ያመለጣትን ለማካካስ ሁለት እንዳትደርብ።

አርጎባው ከአልዩ አምባ
አባቴ በረመዳን እንዲሁ ነበር። ሐኪሙ ካፈጠረ በኋላ እንዲውጥ አዞረለት፣ ተገላገልን። የኛ ጣጣ ኪኒኑ ሲያልቅ ነው። የአንኮበርን ዳገት ወጥቶ ደብረ ብርሃን ድረስ ነው ፍለጋው። አንድ ቀን የጎረቤቱን ኪኒን ሲውጥ ደርሼበታለሁ፣ "ያው የግፊት ነው" ይለኛል! የአሜሪካው ሳያልቅ እዚህ በምን እንደሚተካ ጠይቁ። ብልቃጡን ይዛችሁ ሂዱ።

የመንዟ
አክስቴ ጻድቃኔ ማርያም ሱባዔ ስትገባ ኪኒኗን ቤት ጥላ ትሄድ ነበር፣ እምነት ማጉደል እየመሰላት። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይሄዳሉ ማለታቸውን ብነግራት አልሰማችኝም። የነፍስ አባቷ ሲነግሯት ግን በጸበሉ ዋጠችው። አንተም አትጨቃጨቅ፣ የነፍስ አባቷን ቡና ጥራቸው።

የደብረ ብርሃን ልጅ
ዛሬ ሄድን። 165 በ95! ኪኒኑ በአምሎዲፒን ተቀየረ፣ ማታ ከራት በኋላ። ሳሉ ለመጥፋት ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል ተብለናል። የአዲሱ ኪኒን ብልቃጥ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በትልቁ "የሁለት ሰዓት ዜና" ብዬ ጻፍኩበት። ዜናውን መቼም አታሳልፍም። አባም ቅዳሜ ቡና ይመጣሉ።