ተከታታይ ምዘናውን እንዴት ነው የምትወጡት?

ሰላም የሙያ አጋሮቼ። ድሬዳዋ ውስጥ 9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው።

በአንድ ክፍል ከ60 በላይ ተማሪ አለ። አጭር ፈተናው፣ የቤት ሥራው፣ የቡድን ሥራው ሁሉ ታርሞ ማርክ ሊስት ላይ መስፈር አለበት። የቡድን ሥራውን እንኳ ተዉት፤ አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ስማቸውን ይጽፋሉ። አሁን ደግሞ ከስልክ የተገለበጠ መልስ መጥቷል። ባለፈው ስለ ፍሪክሽን አራት ልጆች ቃል በቃል አንድ ዓይነት እንግሊዝኛ ጽፈው አመጡ። አንዱን «እስቲ ይቺን መስመር አንብባት» ስለው ሳቅ ብሎ ተቀመጠ።

ልጆቹን ብቻ መውቀስም አይቻልም። እዚህ አንደኛ ደረጃን አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ ሌላው በሶማሊኛ ተምሮ ይመጣል። 9ኛ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። በአማርኛ ሳብራራ ግማሹ ይነቃል፣ ግማሹ ያየኛል። የከሰዓት ፈረቃ ከሆነ ደግሞ የድሬ ሙቀት አለ፣ አቦ!

ወላጅም ማታ ይደውላል፤ «ቲቸር፣ ልጄ ለምን ከ10 ሦስት አገኘ?» በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.2 ያህሉ ብቻ ነበር። ጣት የሚቀሰረው መምህሩ ላይ ነው።

እባካችሁ፣ ተማሪዎች እርስ በርስ እንዲተራረሙ ያደረጋችሁ አላችሁ? ማርኩ ይታመናል? የቃል ጥያቄስ ለዚህ ሁሉ ልጅ በ40 ደቂቃ እንዴት ይዳረሳል? ቋንቋ የተቀላቀለበት ክፍል ያላችሁ በተለይ ጻፉልኝ።