ባሕር እየጨመረ ነው ሲባል የሐዋሳ ሐይቅስ? ዳሩ ላይ ቤት መግዛት ያዋጣል?

የታቦር ጥግ፦ እስክንድርያና ጃካርታ በባሕር መጨመር ሰግተዋል ይባላል። ሐዋሳ ላይ ከሐይቁ 300 ሜትር የሚርቅ ቤት ለሽያጭ ቀርቧል። ሐይቁም አብሮ ይሞላል? በዳሩ የተሠራው ግድብ እያለስ ምን ያሰጋል?

ውኃ ለኪ፦ ሁለቱ አይገናኙም። ባሕር የሚጨምረው ውኃው ሲሞቅ ስለሚሰፋና የየብስ በረዶ ቀልጦ ስለሚገባበት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1901 እስከ 2018 ጭማሪው 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጃካርታ ላይ የከርሰ ምድር ውኃ ከመጠን በላይ ስለሚቀዳ መሬቱ ራሱ ይሰምጣል። ሐዋሳ ግን ከባሕር ወለል 1,680 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። የእኛ ሐይቅ ጣጣው መውጫ ወንዝ የሌለው መሆኑ ነው። በጥቁር ውኃ ወንዝና በዝናብ የገባው በትነትና በስርገት ብቻ ይቀንሳል፤ ክረምቱ ለተከታታይ ዓመታት ከበረታ ይደራረባል። ድሮ ወንዙ የሚያመጣውን ደለል የሚያስቀረው ረግረጋማው ጨለለቃ ነበር፣ እሱም በደለል ስለሞላ ደለሉ ወደ ሐይቁ ያልፋል።

ፎርማን፦ ግድቡ ማዕበልን ይመልሳል እንጂ ከሥር የሚሰርገውን አያቆምም። ሐይቁ ሲሞላ በዳር ያለው የከርሰ ምድር ውኃም ይነሳል፣ የመጀመሪያው ተጎጂ ሽንት ቤት ነው። ስለዚህ ቤቱን በጥቅምት ወይም በኅዳር እይ፤ ሐይቁ ከፍ የሚለው ያኔ ነው። በመጋቢት የታየ ደረቅ ግቢ ምንም አይነግርህም። በግቢው 2 ሜትር አስቆፍርና ከ24 ሰዓት በኋላ ውኃው የቆመበትን ለካ። ከ1.5 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ከተገኘ ተራ ጉድጓድ ሽንት ቤት አያዋጣም፣ ከሥር ይሞላል፣ የጎረቤትን የውኃ ጉድጓድም ይበክላል። ውኃ የማያስገባ ሴፕቲክ ታንክ ያስፈልጋል። እሱንም ውኃው ከፍ ባለበት ወር ሙሉ በሙሉ አታስመጥጥ! ቁመቱም ጎኑም 2 ሜትር የሆነ ታንክ ውኃ ውስጥ ከተዋጠ እስከ 8 ቶን የሚደርስ ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በብሎኬት የተሠራ ከሆነ ባዶውን ይነሳል ወይም ወለሉ ይሰነጠቃል።

ሲሚንቶ፦ ግድግዳውንም ከወለሉ እስከ 1 ሜትር በጣትህ እያንኳኳህ እለፍ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከብሎኬቱ ለቋል። ነጭ ጨው ካወጣ ደግሞ እርጥበቱ ከመሠረቱ እየተሳበ ነው። ከታች ብቻ አዲስ ቀለም የተቀባ ቤት ያጠራጥራል (ሻጭ ያለ ምክንያት ግማሽ ግድግዳ አይቀባም)። እርጥበቱ በቀለም አይድንም፤ ግሬድ ቢሙና (ከመሠረቱ በላይ ያለው የኮንክሪት ማሰሪያ) ብሎኬቱ መካከል የሬንጅ ንጣፍ መግባት ነበረበት፣ ከተሠራ በኋላ ደግሞ ግድግዳውን በየሜትሩ እየቆረጡ ማስገባት ነው፣ ወጪው ከባድ ነው።

ውኃ ለኪ፦ አንድ የቀረ፦ ሐይቁ ሲሞላ የመንገዱ የዝናብ ውኃ መሄጃ ያጣል። ከከባድ ዝናብ በኋላ ሄደህ ቱቦው ውስጥ ውኃው ቆሞ እንደሆነ እይ። ካርታውም በሐይቁ ጥበቃ ክልል ውስጥ አለመሆኑን ቀብድ ሳትከፍል ማዘጋጃ ቤት አጣራ።