ከልጆች ጋር ኮሌጅ ግቢ ውስጥ ልናድር ነው፤ ምን ላስብበት?

ጠያቂ (የሦስት ልጆች እናት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በእረፍት ወቅት አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ በሚካሄድ የቤተሰብ የትምህርት ሪትሪት ላይ ተመዝግበናል። አራት ቀን ነው። ጠዋት ወላጅም ልጅም አብሮ ይማራል፣ ከሰዓት ልጆቹ በዕድሜ ይከፋፈላሉ፣ ማታ የጋራ ዝግጅት አለ። የምናድረው ተማሪዎቹ በለቀቁት ዶርም ነው። ልጆቼ 13፣ 7 እና 2 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ከሥራ የሚደርስልን ለመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ ነው።

ዶርሙ ለ2 ዓመት ልጅ ይሆናል ወይ? ፕሮግራሙ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ጥቅጥቅ ያለ ነው። ቁርስ 1 ሰዓት ላይ ነው። ትልቁ ልጄ ከአሁኑ «እኔ አልሄድም» ብሎ አኩርፏል። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ድሮ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) የነበርኩ፦
እህቴ፣ ዶርም የሚሠራው ለሃያ ዓመት ወጣት ነው። ከዚያ ተነሽ። ምድር ላይ ያለ ክፍል እንዲሰጡሽ ዛሬውኑ ደውይ። በመግቢያው ቀን ብትጠይቂ ክፍሉ ተደልድሎ ያለቀ ስለሚሆን ማንም አይቀይርልሽም። ፎቅ ከደረሰሽ ሻንጣ ሳትፈቺ መስኮቱን እዪ። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ምንም ነገር መስኮት ሥር አይሁን፤ ልጅ ይወጣበታል። በወንፊቱ አትተማመኚ። ትንኝ ያግዳል እንጂ ልጅ አይዝም።

ተደራራቢ አልጋ ከሆነ ከ6 ዓመት በታች ያለ ልጅ ላይኛው ላይ አይተኛም። የ7 ዓመቱ ይችላል፣ ግን በሁለቱም ጎን መከላከያ ሲኖረው ነው። መከላከያውን ነቅንቂው። ተማሪ አንዳንዴ ይነቅለውና ቁም ሳጥን ጀርባ ይወሽቀዋል፤ በእጄ አውጥቼ አውቃለሁ። ለትንሿ ፍራሹን አውርደሽ ወለል ላይ አንጥፊላት።

በሮቹም አሉ። ብዙዎቹ ከባድ ናቸው፣ ለቀቅ ሲያደርጓቸው ራሳቸው ይዘጋሉ፣ የልጅ ጣት እዚያው መሀል ነው የሚገኘው። ሲዘጋ ራሱ የሚቆለፍ ዓይነትም አለ። ስለዚህ ሻወር ስትሄጂ ቁልፉን አንገትሽ ላይ አንጠልጥይ። ፎጣ አገልድሞ ኮሪደር ላይ እኔን የሚጠብቅ ስንቱን አይቻለሁ!

የመንታዎች አባት፦
አንሶላ ይሰጡ እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙ ቦታ አይሰጡም። ስትይዢ ዝርጉን ያዢ። የዶርም ፍራሽ ልኩ ከቤት ፍራሽ ስለሚለይ ላስቲክ ያለው አንሶላ አልገባ ሊልሽ ይችላል። ለሻወር ነጠላ ጫማ፣ ሌሊት ለመነሳት ትንሽ መብራት። ኤክስቴንሽን የሚከለክል ግቢ አለ፣ ሳትጠይቂ አትሸከሚ። ጋሪ ግን አትተዪ። ግቢው ትንሽ ነው ቢሉሽም ከዶርም ካፌ፣ ከካፌ ክፍል፣ ከክፍል ዶርም በቀን ስትመላለሺ ልጅቷን በጀርባሽ አትችዪውም።

ካፌው ሰዓት አለው። ካለፈ አለፈ። የ2 ዓመት ልጅ ደግሞ በሰዓት አትራብም፤ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ የምትበላው ነገር ይኑርሽ። አለርጂ ያለበት ካለ አስቀድመሽ በጽሑፍ አሳውቂ። ሰልፍ ላይ ቆመሽ ለአሳላፊው ብትነግሪው ምግቡ ከተሠራ በኋላ ነው።

ስለ ትልቁ፦ ትንሿን እንዲይዝልሽ አድርጊ። ኃላፊነት ሲሰጠው ኩርፊያው ይበርዳል።

መምህርት፦
በመጨረሻው አልስማማም፣ ወንድሜ ይቅርታ። የ13 ዓመት ልጅ አኩርፎ መጥቶ እህቱን ያዝ ከተባለ «ያመጣችሁኝ ለሞግዚትነት ነው» ይላል። እውነቱንም ነው። ይልቅ ፕሮግራሙን አስቀምጪለትና ራሱ ይምረጥ፦ የማይቀርበት አንድ፣ የሚዘለው አንድ። ቤተ መጻሕፍቱን ወይም ቤተ ሙከራውን ማየት ይቻል እንደሆነም ከአዘጋጆቹ ጠይቂለት። ለዚህ ዕድሜ ከትምህርቱ ይልቅ ኮሌጅ ውስጥ እንደ ትልቅ ሰው መዘዋወሩ ነው የሚጥመው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚመክሩት በ24 ሰዓት ለ2 ዓመት ልጅ የቀን እንቅልፏን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ለ7 ዓመት ከ9 እስከ 12፣ ለ13 ዓመት ከ8 እስከ 10 ነው። ዝግጅቱ ምሽት 3 ሰዓት ካለቀ፣ ዶርም ተደርሶ፣ ለሻወር ተሰልፎ፣ አዲስ አልጋ ላይ ተገላብጦ እንቅልፍ የሚወስዳቸው ወደ 4 ተኩል ግድም ነው። ለ1 ሰዓት ቁርስ ከነቃችሁ ከ8 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ለትልቁ ያህል ይሆናል፤ ለሁለቱ ትንንሾች አይበቃም። በእኔ እምነት የማታውን ዝግጅት ተዪው። ከምሳ በኋላም ትንሿ የምትተኛበትን ሰዓት ለማንም አትስጪ።

ማታ ዶርም ውስጥ አምስት ደቂቃ ብቻ ስጧቸው። ማስታወሻ ሳይከፈት «ዛሬ ከሰማችሁት አንድ ነገር ለእኔ አስረዱኝ» በያቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ነገር ፈትነውት ነበር። አንድን ጽሑፍ ደጋግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻሉ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጠ ያስታወሱት ሳያዩ ለማስታወስ የሞከሩት ናቸው። «እንዴት ነበር?» ብለሽ ከጠየቅሽ «ጥሩ» ነው መልሱ፤ አትድከሚ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳትጠይቂ አትሂጂ፦ ከሰዓት ልጆቹን የሚይዘው ማነው? በየክፍሉ ከአንድ በላይ አዋቂ አለ? ልጅ ሲገባና ሲወጣ ይመዘገባል? መጥቶ የሚወስደው ማን እንደሆነ ይለያል? ተድበስብሶ ከተመለሰልሽ ልጅሽን አጠገብሽ አድርጊ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ። ደወልኩ። ምድር ላይ ክፍል ሰጥተውኛል። ማታው ግዴታ አይደለም አሉ። የልጆቹን መዝገብ ስጠይቅ «ቅጹን እንልክልሻለን» ብለዋል፣ እየጠበቅኩ ነው። ትልቁ የሚዘለውን በሁለት ሰከንድ መረጠ፤ የማይቀርበትን ገና እያሰበበት ነው። አንድ ልጨምር፦ ባለቤቴ እስኪመጣ ጠዋት የጋራው ትምህርት ላይ ትንሿን ይዤ እንዴት ልቀመጥ?

የመንታዎች አባት፦
መምህርት፣ ስለ ሞግዚቱ ተቀብያለሁ።

እህቴ፣ ከኋላ በሩ ጋ ተቀመጪ፤ የጫፉን ወንበር ያዢ። ድምፅ የማያወጣ መጫወቻ ብቻ ይዘሽ ግቢ። ሃያ ደቂቃ ከተቀመጠችልሽ ትልቅ ነገር ነው፣ ከዚያ ይዘሻት ውጪ። ደግሞ ትንሽ ልጅ ያላት ሌላ እናት አትጠፋም፤ አንቺ አንዱን ክፍለ ጊዜ ሁለቱንም ልጆች ትይዣለሽ፣ እሷ ቀጣዩን። የተመዝጋቢዎች የቴሌግራም ግሩፕ ካለ ዛሬ ማታ ጻፊበት፤ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ሁሉም በየሻንጣው ይጠመዳል።