አስቸኳይ፦ ቅዳሜ ሰርግ አለብን፣ ጊታሬ ድምፁ ጠፋ፤ በትንሽ ገንዘብ የትኛውን ኤሌክትሪክ ጊታር ልግዛ?

ትዝታ ወዳድ (ጠያቂ)፣ ረቡዕ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አሁን ከልምምድ መመለሴ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቻችን ሲያልፍ ኬብሉን ረገጠው። ጊታሩ ተንጫጫ፣ ትንሽ ቆይቶም ጸጥ አለ። ቅዳሜ ሰርግ እንጫወታለን፤ ቀብድ ተቀብለናል። ርካሽ ሆኖ የማያሳፍር ኤሌክትሪክ ጊታር የትኛው ነው? የትስ ይገኛል? ነገ ጠዋት ልገዛ ስለሆነ እባካችሁ ዛሬውኑ መልሱልኝ።

ቤዝ ክር፣ 3፡52

ወንድሜ፣ ስንት ብር ይዘሃል? የት ከተማ ነህ? የተበላሸውስ ምን ዓይነት ጊታር ነው? ርካሽ ማለት ለአንዱ 15,000 ብር ነው፣ ለሌላው 60,000። ይህን ሳናውቅ የምንሰጥህ መልስ ሁሉ ግምት ነው።

የክራር ልጅ፣ 3፡55

ክራር ግዛ! ስድስት ክር አለው፤ የሚረግጡት ኬብልም የለውም። ሙሽሮቹም ይወዱልሃል።

ጋሼ ሶልፌጅ፣ 4፡10

ልጄ፣ ከመግዛትህ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ሰላም ስዩም በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ የተጫወተውን ጊታር ቁጭ ብለህ አድምጥ። ዘፋኙን ሳይሸፍን ገብቶ ይወጣል። ያ የእጅና የጆሮ ሥራ ነው፤ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። የዛሬ ልጆች መጀመሪያ የምትጠይቁት የጊታሩን ስም ነው።

ስለ መሣሪያው ካነሣን ደግሞ ፒካፑን፣ የክሩን ንዝረት የሚስበውን የሽቦ ጥቅል፣ እወቅ። ባለ አንድ ጥቅሉ ፒካፕ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ለትዝታም ለአምባሰልም ያምራል። ችግሩ በአካባቢው ያለውን የመብራት ሞገድ መሳቡ ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ስለሆነ እጅህን ከክሩ ላይ ባነሣህ ቁጥር ከስር የሚያጉረመርም ድምፅ ትሰማለህ። የሰርግ አዳራሽ ደግሞ ባለ ቀለም መብራቱም ጄኔሬተሩም እዚያው ነው። ባለ ሁለት ጥቅሉ ሀምበከር ይባላል። ሁለቱ ጥቅሎች በተቃራኒ ስለሚሠሩ አንዱ የሳበውን ጉርምርምታ ሌላው ያጠፋዋል፤ ድምፁ ወፍራም ነው። በእኔ ዘመን ይህን ሳያውቅ መድረክ የሚወጣ አልነበረም።

ትዝታ ወዳድ፣ 4፡22

አመሰግናለሁ ጋሼ። ወንድም ላላችሁኝ፣ እህታችሁ ነኝ፤ ቅር አላለኝም። ያለሁት ሐዋሳ ነው። በእጄ ያለው 30,000 ብር ነው፤ ከዚያ በላይ አንድ ብር የለኝም። ጊታሩ ስትራቶካስተር (የታወቀው የፌንደር ጊታር) ቅርፅ ያለው፣ ስም ያልተጻፈበት ነው። አምፕሊፋየሩ የባንዱ ስለሆነ ችግር የለውም።

ባለ ካውያው፣ 4፡35

እህቴ፣ አትግዢ። ቢያንስ ነገ አትግዢ። ኬብል ተረግጦ፣ ተንጫጭቶ ጸጥ ያለ ጊታር ብዙ ጊዜ በሽታው ከጃኩ፣ ኬብሉ ከሚሰካበት ቀዳዳ፣ አያልፍም።

መጀመሪያ ሌላ ኬብል ሰክተሽ ሞክሪ። ካልተለወጠ፣ ከጊታሩ ፊት ላይ ጀልባ የምትመስል የብረት ሳህን አለች፤ የያዟት ሁለት ብሎኖች ናቸው። ፍቺያቸውና ሳህኗን ቀስ ብለሽ ወደ ላይ አውጪ፤ አትጎትቻት። ከስሯ ሁለት ሽቦ ይታይሻል። አንዱ ተበጥሶ ወይም በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ ታገኚዋለሽ ብዬ አስባለሁ። የድምፁ ሽቦ የሚበየደው የኬብሉን ጫፍ ከሚነካው ከታጠፈው ረጅም ምላስ ጋር ነው። የመሬቱ ሽቦ ደግሞ ከመሐሉ ቀለበት ጋር ነው። ከተቀያየሩ ጉርምርምታው አያስቀምጥሽም።

መበየጃ ከሌለሽ ሞባይል ጠጋኝ ጋር ውሰጂው፤ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ነው። ጃኩ ራሱ ከተሰበረ 6.35 ሚሊሜትር ሞኖ ጃክ በይ፤ የድምፅ መሣሪያ መለዋወጫ የሚሸጡ ያውቁታል። በሙጫ ለማጣበቅ ግን እንዳትሞክሪ። ሙጫው ወደ ምላሱ ከገባ ጃኩ አለቀለት።

አዲስ ጀማሪ፣ 4፡41

ኬብሉ ይሆናል። ኬብል ቀይሪ።

ትዝታ ወዳድ፣ 4፡50

ኬብል ቀይሬያለሁ፤ ያው ነው። ባለ ካውያው፣ ምክርህን አከብራለሁ፤ ግን ይህ ጊታር ድሮም ደህና አልነበረም። ሰባተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ክሩ ብረቱን እየነካ ይንጫጫል። በየዘፈኑ መሐል እየቃኘሁ ነው የምጫወተው። ሙሽሮቹ የከፈሉት አንድ ጊዜ ለሚያገቡበት ቀን ነው። በመሐል ቢጠፋብኝ ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?

ባለ ካውያው፣ 5፡02

መቀየሩን አልተቃወምኩም። የተቃወምኩት በጭንቀት መግዛቱን ነው። ነገ ሱቅ ብትገቢ የምትገዢው የተሻለውን ሳይሆን እዚያ የተገኘውን ነው።

ቅኝቱ የሚወርድበት ምክንያትም አለው። ክሮቹ ከመቃኛው ወርደው የሚያርፉባትን ትንሽ ቁራጭ፣ ነት የምንላትን፣ እያት። ክሩ እዚያ ሲያዝ ነው ቅኝት የሚዘልለው። ክሩን ከቦታው አንሥተሽ ቦዩን በተራ እርሳስ ጫፍ አጥቁሪው። የእርሳሱ ዱቄት ያንሸራትተዋል። የብሪጁን (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበትን ብረት) የሚንቀሳቀስ ዘንግ ካልተጠቀምሽበት ደግሞ ከኋላ ያለውን ክዳን ከፍተሽ ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ብሪጁ ከእንጨቱ ጋር እስኪጋጠም አጥብቂያቸው። ከዚያ እንደገና ቃኝው። ለቅዳሜ ያደርስሻል።

ቤዝ ክር፣ 5፡20

ከባለ ካውያው ጋር ነኝ። ግን የጠየቅሽው ጥያቄም ሳይመለስ እንዳይቀር፣ እኔ የማውቀውን ልንገርሽ።

በ30,000 ብር ስም ያለው አዲስ ጊታር ማግኘት ከባድ ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መሣሪያ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ስለዚህ ያገለገለ ፈልጊ። እኔ በአንደኛ ደረጃ የማስቀምጠው ያማሃ ፓሲፊካ 012ን ነው። ብሪጁ ጋ ሀምበከር፣ ከዚያ በላይ ሁለት ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ አለው። ጋሼ ሶልፌጅ ያሉት ጉርምርምታ አዳራሽ ውስጥ ሲመጣ ወደ ሀምበከሩ ትቀይሪያለሽ፤ ለትዝታ ወደ ላይኛው ትመለሻለሽ። 112ቪ ከተገኘማ እሰየው፤ ግን ባለቤቶቹ በቀላሉ አይለቁትም። ቀጥሎ ስኳየር ነው። ስኳየር የፌንደር የራሱ ርካሽ መስመር ነው፤ ከ1982 ጀምሮ በዚህ ስም ይሠራል። ራስጌው ላይ ስኳየር ተብሎ ይጻፋል። በስኳየር ዋጋ ፌንደር ነው የሚልሽ ሰው ካለ ጊታሩን አስቀምጠሽ ውጪ። የአይባኔዝ ጂዮም ደህና ነው፤ አንገቱ ቀጭን ስለሆነ ትንሽ እጅ ላለው ይመቻል።

አንድ ዓይነት ብቻ ሽሺ፦ ተንሳፋፊ ብሪጅ ያለውን፣ ፍሎይድ ሮዝ የሚባለውን። አንድ ክር ሲበጠስ የቀሩት ሁሉ ከቅኝት ይወጣሉ። ሰርግ ላይ ክር ቢበጠስብሽ በአምስቱ መጨረስ መቻል አለብሽ።

ስትመርጪ ደግሞ ስሙንም ቀለሙንም ተይው፤ አንገቱን መርምሪ። ጊታሩን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረሽ ከብሪጁ ወደ ራስጌው በአንገቱ ጠርዝ ተመልከቺ፤ የተጣመመ ከሆነ ይታይሻል። ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬት ላይና የመጨረሻው ፍሬት ላይ አንድ ላይ ተጫኚ። መሐል ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል ወረቀት የሚያስገባ ያህል ክፍተት ከኖረ ጤነኛ ነው። ሰፊ ክፍተት ካለው አንገቱ ወደ ፊት ጎብጧል፤ በውስጡ ያለው ዘንግ ሊያስተካክለው ይችል ይሆናል፤ ግን እርግጠኛ ሳትሆኚ አትክፈዪ። ከዚያ በስድስቱም ክር ላይ እያንዳንዱን ፍሬት አንድ በአንድ ምቺ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሻጩም ይሰለቻል። ይሰልች። ገንዘቡ ያንቺ ነው። ጣትሽንም በአንገቱ ጎን ከላይ እስከ ታች አንሸራቺ። በጥር ደረቅ አየር እንጨቱ ስለሚኮማተር የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ ይቧጥጣል። ይህ በሞረድ የሚስተካከል ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅምሻል።

በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ በጣትሽ ነካ ብቻ አድርገሽ የሚወጣውን ድምፅና ተጭነሽ የሚወጣውን ቅኝት በሚያሳይ መሣሪያ አስተያዪ። ካልተገናኙ ብሪጁ ላይ ያሉት ብሎኖች ያስተካክሉታል ወይ ብለሽ እዚያው አስሞክሪ።

ሜሪላንድ፣ ሐሙስ ከሌሊቱ 8፡15

እህቴ፣ እዚህ ያገለገሉ ስኳየሮች በየመያዣ አበዳሪው ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። ለቅዳሜ ባይደርስም ወደ አገር ቤት የሚመጣ ዘመድ ካለሽ ይህን እወቂ፦ አንገታቸው በአራት ብሎን የሚታሰር ጊታሮች ተፈተው ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ። ክሮቹን ማላላት፣ አራቱን ብሎን መፍታት፣ አንገቱንና ገላውን ለየብቻ በልብስ መጠቅለል ነው። እኔ ለታናሽ ወንድሜ የላክሁት በጋቢ ተጠቅልሎ ነው።

አምፕሊፋየር ግን ከዚህ እንዳታስልኪ። የአሜሪካው በ120 ቮልት የሚሠራ ነው፤ የእናንተው 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ከሰካሽው ይቃጠላል። ጊታሩ ራሱ ግድግዳ ላይ ስለማይሰካ ምንም አይሆንም።

ጋሼ ሶልፌጅ፣ ከጠዋቱ 12፡30

ልጄ፣ ሴት መሆንሽን ሳላውቅ በወንድ ጠራሁሽ፤ ይቅርታ። አንድ የረሳሁት ነገር አለ። ቅዳሜ የምትጫወቺበትን ክር ዛሬ ቀይሪው፤ የሰርጉ ዕለት አይሁን። አዲስ ክር ተወጥሮ እስኪረጋ ቅኝት አይዝም። ስትቀይሪም ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትፍቺ፤ አንድ ፈትተሽ አንድ እሰሪ።

የክራር ልጅ፣ 12፡48

እውነቱን ለመናገር፣ ሐዋሳ ከሆንሽ በየቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ጋር ጊታር አይጠፋም። ለአንድ ቅዳሜ መዋስ ነውር የለውም። የኔ ክራርም ተጠባባቂ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ትዝታ ወዳድ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ሳህኗን ከፈትኳት። ቀዩ ሽቦ ከምላሱ ተላቅቋል፤ ጥቁሩ በቦታው ነው። ጃኩን ከሳህኗ ጋር የያዘው ዳዶም ላልቶ ስለነበር ሽቦው ሲጠማዘዝ የኖረ ይመስላል። ከቤታችን አጠገብ ያለው ሞባይል ጠጋኝ 3 ሰዓት ላይ ይከፍታል። በሩ ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ጓደኛዬ ደግሞ ፓሲፊካ የሚሸጥ ሰው ይርጋለም አለ አለችኝ። ጥገናው ከተሳካ ሳልቸኩል ሄጄ አየዋለሁ፤ አንገቱን ልክ እንዳላችሁት ነው የማየው። ቤዝ ክር፣ ሻጩ 35,000 ቢልስ?

ቤዝ ክር፣ 2፡25

ሁሉም ፍሬት ንጹሕ ከሆነ ተከራከሪ እንጂ ትተሽው አትምጪ። አብሮት ቦርሳና ኬብል ይስጥሽ። መቃኛዎቹን አንድ በአንድ አዙሪያቸው፤ ዙረው ክሩን የማይስቡ ካሉ ከዋጋው አስቀንሺ።

ባለ ካውያው፣ 2፡31

ጠጋኙ ሲጨርስ ዳዶውን ከውጭ ሲያጠብቅ ጃኩን ከውስጥ በጣቱ ይያዘው። ጃኩ አብሮ ከዞረ ሽቦው እንደገና ይበጠሳል። ኬብሉንም መጀመሪያ በጊታሩ ማንጠልጠያ ውስጥ አሳልፈሽ ከዚያ ስኪው። ቢረገጥም የሚጎተተው ማንጠልጠያው ይሆናል።

ባለ ካውያው፣ ሰኞ ከምሽቱ 1፡05

ትዝታ ወዳድ፣ ሰርጉ እንዴት ሆነ? ሠራ?

አዲስ ጀማሪ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 7፡40

እኔም በዚሁ ገንዘብ ለልጄ ጊታር እየፈለግሁ ነው፤ ልጄ ግን ግራኝ ነው። የቀኙን ገልብጬ ክሩን ማዟዟር ይቻላል?

ቤዝ ክር፣ 8፡02

ይቻላል፤ ነት የተባለችው ግን መቀየር አለባት፤ ቦዮቿ ለወፍራምና ለቀጭን ክር ተለይተው የተቆረጡ ናቸው። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹም ወደ ላይ ስለሚመጡ ክንዱ ይነካቸዋል። ልጁ ገና ካልጀመረ የቀኙን እንዳለ ሰጥተኸው አስሞክረው፤ የግራኝ ጊታር እዚህ አገር ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። ዕድሜው ስንት ነው?